የትንሽ ከተማ የመንገድ ጨረታ፦ ኤንቨሎፑ ከመከፈቱ በፊት የሚወሰነው

ስለ ከተማ ጨረታ ሲወራ የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው ኤንቨሎፕ በሚከፈትበት ቀን ላይ ነው፤ ማን ገባ፣ ስንት ሰጠ፣ ማን ወደቀ። የኮብልስቶን መንገድ፣ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይና ካልቨርት (ውሃን ከመንገድ ሥር የሚያሳልፍ መተላለፊያ) በሚያሠሩ ትንንሽ ከተሞች ግን ገንዘቡ በብዛት የሚባክነው ከዚያ ቀን በፊት ነው። አንድም በሥራ ዝርዝር ሠንጠረዡ (እያንዳንዱ ሥራ ከመጠኑና ከነጠላ ዋጋው ጋር በሚሰፍርበት)፣ አንድም በጊዜ አያያዙ ይበላሻል። ኮሚቴው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን የተሳሳተ ልኬት በያዘ ሰነድ ላይ ትክክለኛ አሸናፊ መምረጥ አይችልም። ይህ ጽሑፍ ለአዲስ የጨረታ ኮሚቴ አባላት፣ ለማዘጋጃ ቤት መሐንዲሶችና ገንዘብ አዋጥተው ሥራውን ለሚከታተሉ የሰፈር ኮሚቴዎች የተጻፈ ነው።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። በፌዴራል ደረጃ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። የከተማ አስተዳደሮች ግን የሚሠሩት በየክልላቸው የግዥ አዋጅና መመሪያ ነው። የግዥ ዓይነቶቹ ይመሳሰላሉ፤ መሠረቱ ግልጽ ጨረታ ሲሆን ውስን ጨረታ፣ ፕሮፎርማ (ከጥቂት አቅራቢዎች ዋጋ ሰብስቦ መግዛት) እና ቀጥታ ግዥ በጽሑፍ የሰፈረ ምክንያትና የገንዘብ ጣሪያ ይጠየቅባቸዋል። ጣሪያው ከክልል ክልል ይለያያል፣ በየጊዜውም ይሻሻላል። ስለዚህ ከሌላ ክልል የተቀዳን የጨረታ ሰነድ ስም ብቻ ቀይሮ ማውጣት በኋላ ለቅሬታም ለኦዲትም በር ይከፍታል። አንዱን መንገድ በሦስት ቆራርጦ እያንዳንዱን ከጣሪያው በታች አድርጎ በፕሮፎርማ መግዛትም በየትኛውም ክልል የተከለከለ ነው፤ ኦዲተር መጀመሪያ የሚያየውም እሱን ነው።

ገንዘቡ ከየት እንደመጣም መታወቅ አለበት። የማዘጋጃ ቤት ገቢ፣ የክልል ድጎማና የነዋሪው መዋጮ አንድ ላይ በሚሠሩበት መንገድ ላይ እያንዳንዱ ገንዘብ የራሱ የሪፖርት ግዴታ አለው። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2010 ዓ.ም. የተጀመረውና 117 ከተሞችን ያቀፈው፣ በተለምዶ ዩአይአይዲፒ የሚባለው የከተሞች ተቋማዊ አቅምና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ለምሳሌ የከተሞቹን አፈጻጸም በየዓመቱ እየመዘነ የሚቀጥለውን ድልድል ከውጤቱ ጋር ያያይዝ ነበር፤ የአካባቢና የማኅበራዊ ተጽዕኖ ልየታም ሥራው ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ ነበረበት። የነዋሪው መዋጮ ደግሞ ከውሉ መፈረም በፊት ባንክ ገብቶ መታየት አለበት። «ነዋሪው ቃል ገብቷል» ተብሎ የተፈረመ ውል መሐል መንገድ ላይ ይቆማል።

የጊዜ ጉዳይ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ክረምቱም በዚያው መጋጠሚያ ላይ ነው። የተለመደው አካሄድ ይህን ይመስላል፦ ሐምሌ ላይ ምክር ቤቱ በጀት ያጸድቃል፣ መስከረምና ጥቅምት በዕቅድ ስብሰባ ያልፋሉ፣ ልኬትና ዲዛይን ታኅሣሥ ላይ ይጀመራል፣ ማስታወቂያው የካቲት ይወጣል፣ ውሉ ሚያዝያ ይፈረማል፣ ተቋራጩ ማሽን የሚያስገባው ግንቦት ነው። ሰኔ ሲገባ የተቆፈረው ቦይ ውሃ ይይዛል፣ የተደፋው ሰሌክት (ለመንገድ ተመርጦ የሚመጣ አፈር) ሳይጠቀጠቅ ጭቃ ይሆናል። ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ በጀቱ ተመላሽ ከመሆኑ በፊት የክፍያ ሰነድ አምጡ ይላል። ያልተሠራ ሥራ እንደተሠራ ተቆጥሮ የሚከፈለው በዚህ ሰሞን ነው። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ከሌብነት ይልቅ በጀት አቃጠላችሁ (ሳትጠቀሙበት ተመላሽ አደረጋችሁ) ተብሎ መወቀስን ከመፍራት ነው፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው።

መፍትሔው ከመጨረሻው ወደ ኋላ መቁጠር ነው። የአፈር ሥራው ከኅዳር አጋማሽ እስከ መጋቢት እንዲያልቅ ከተፈለገ ውሉ እስከ ኅዳር 15 መፈረም አለበት። ለአሸናፊነት ማሳወቂያ፣ ለቅሬታ መጠበቂያና ለውል ማስከበሪያ ማቅረቢያ 15 ቀን ሲቀነስ ማሳወቂያው ጥቅምት 30 ላይ ይወጣል። ለግምገማና ለአጽዳቂው ኮሚቴ 20 ቀን ቢሰጥ ኤንቨሎፑ የሚከፈተው ጥቅምት 10 ነው። ማስታወቂያው 21 ተከታታይ ቀን በአየር ላይ እንዲቆይ ካስፈለገ መስከረም 19 ላይ ጋዜጣ ላይ መሆን አለበት። ስለዚህ ሰነዱ እስከ መስከረም መጀመሪያ አልቆ፣ የሥራ ዝርዝሩ በሐምሌና በነሐሴ ተሠርቶ፣ የመስክ ልኬቱ ደግሞ በግንቦት፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ ተወስዶ መሆን አለበት። በጀቱ ሐምሌ ላይ ስለሚጸድቅ ይህ በሕግ የሚከለከል አይደለም። የሚያስፈልገው ካለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ መሐንዲሱን ወደ መስክ መላክ ብቻ ነው።

ከማስታወቂያ በፊት መጨረስ ያለበት ሌላው ጉዳይ የወሰን ማስከበር ነው። የመብራት ምሰሶ፣ የውሃ መስመር፣ የቴሌ ገመድ፣ ወደ መንገዱ የገባ አጥርና በረንዳ በንድፉ ላይ ምልክት ተደርጎባቸው የሚነሱበት ቀን በደብዳቤ መታወቅ አለበት። ሳይት ሳይጸዳ ተቋራጭ ከተጠራ ለቆመ ማሽን ካሳ፣ ላለፈ ቀንም የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቃል፤ በውሉ መሠረትም ትክክል ነው። የውሃ መስመሩን ጉዳይ በተለይ አደራ። ንጣፉ ካለቀ በኋላ ለቤት ለቤት ውሃ ማስገቢያ የተቆፈረ ኮብልስቶን እንደ ቀድሞው ተመልሶ ሲነጠፍ እምብዛም አይታይም። መንገዱን በየ 50 ሜትሩ አቋርጦ የሚያልፍ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ አስቀድሞ ማስቀበር ወጪው ጥቂት ነው፤ ለወደፊቱ ቁፋሮን ያስቀራል።

የሥራ ዝርዝሩ፣ ነገሩ ሁሉ ያለበት

ለምሳሌ 500 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ስፋት ያለው፣ በሁለቱም ጎን የድንጋይ ቦይ የሚሠራለት የኮብልስቶን መንገድ እንውሰድ። ንጣፉ 3,000 ካሬ ነው። ከሥሩ 20 ሳንቲም የተጠቀጠቀ ሰሌክት፣ 5 ሳንቲም አሸዋ፣ ከላይ 10 ሳንቲም ድንጋይ ይኖራል፤ በድምሩ 35 ሳንቲም።

ሰሌክቱ ተጠቅጥቆ 600 ሜትር ኪዩብ ነው። ተጠቅጥቆ ስለሚሟሽሽ በመኪና የሚመጣው ልቅ አፈር ከዚህ 30 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ 780 ሜትር ኪዩብ፣ 16 ሜትር ኪዩብ በሚጭን ገልባጭ ወደ 49 ምልልስ። በሥራ ዝርዝሩ ላይ «ተጠቅጥቆ በቦታው የሚለካ» የሚል ቃል ከሌለ ተቋራጩ በመኪና ቁጥር ይጠይቃል፣ ከተማውም የሌለ 180 ሜትር ኪዩብ ይከፍላል። አንድ ቃል መርሳት የሚያስከፍለው ይህን ያህል ነው።

ድንጋዩ 10 በ10 በ10 ሆኖ 1 ሳንቲም ክፍተት ቢተውለት በካሬ 83 ገደማ ይገባል። ለ3,000 ካሬ 249,000፣ ለስብራት 5 በመቶ ሲጨመር ወደ 261,000 ድንጋይ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። ድንጋዩን የሚጠርቡት የወጣት ማኅበራት የሚከፈላቸው በፍሬ ከሆነ ትንሽ ድንጋይ ያዋጣቸዋል፤ 8 ሳንቲም በሆነ ድንጋይ አንድ ካሬ 123 ፍሬ ይበላል፣ ውፍረቱም ስለሚያንስ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ይነቀላል። ስለዚህ ስፔሲፊኬሽኑ «ከ9 እስከ 11 ሳንቲም በሁሉም ጎን» ብሎ ይጻፍ፤ ርክክብ ላይ ከየክምሩ በዘፈቀደ 100 ድንጋይ አውጥቶ መለካትም በውሉ ይግባ። ጠፍጣፋ፣ እንደ ሾጣጣ ወደ ታች የቀጠነ ወይም በእጅ የሚፈረፈር ድንጋይ የሚመለሰው ሳይነጠፍ ነው። ከተነጠፈ በኋላ ማንም አያወጣውም።

ቦዩ ውስጡ 60 በ60፣ ግድግዳው በእያንዳንዱ ጎን 40 ሳንቲም፣ ወለሉ 25 ሳንቲም ቢሆን በአንድ ሜትር ርዝመት 1.19 ሜትር ኪዩብ ቁፋሮና 0.83 ሜትር ኪዩብ የድንጋይ ግንብ ይወጣዋል። ሁለቱም ጎን 1,000 ሜትር ስለሚሆን 1,190 ቁፋሮ፣ 830 ግንብ። አንድ ለአራት (አንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ) በተቦካ ሞርታር አንድ ሜትር ኪዩብ ግንብ 1 ኩንታል ከሩብ ያህል ሲሚንቶ ይፈጃል፤ በጠቅላላው ከ1,000 ኩንታል በላይ። የሲሚንቶ ዋጋ በኩንታል 500 ብር ቢጨምር በዚህ አንድ ሥራ ላይ ብቻ ወደ 520,000 ብር ልዩነት ይመጣል። የመሐንዲሱ ግምት ባለፈው ዓመት ዋጋ ተሠርቶ ዘንድሮ ሲወጣ ሁሉም ተጫራች «ከግምት በላይ» የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ጨረታው ይሰረዛል፣ ሁለት ወር ይጠፋል፣ ዋጋው ደግሞ ይጨምራል። ግምቱ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ በገበያ ዋጋ ይታደስ፤ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ብረት፣ ነዳጅና የቀን ሠራተኛ ክፍያ ከተጣሩ ይበቃል።

ከሥራ ዝርዝር በብዛት የሚረሳው የተቆፈረውን አፈር ማንሳት ነው። የመንገዱ አልጋ 1,050፣ ቦዩ 1,190፣ በድምሩ 2,240 ሜትር ኪዩብ ይቆፈራል። ሲቆፈር ስለሚነፋ 2,800 ይሆናል፤ ይህ በ16 ሜትር ኪዩብ ገልባጭ 175 ምልልስ ነው። ካልተጻፈ ወይ አፈሩ በነዋሪው በር ላይ ተቆልሎ ክረምት ይጠብቀዋል፣ አዲሱን ቦይም መልሶ ይሞላዋል፤ አለዚያም ተቋራጩ እንደ ተጨማሪ ሥራ በፈለገው ዋጋ ያቀርበዋል። የሚደፋበት ቦታና ርቀቱም መጻፍ አለባቸው፤ 2 ኪሎ ሜትርና 8 ኪሎ ሜትር አንድ ዋጋ የላቸውም። ሌሎቹ የሚረሱት፦ በየግቢው በር ላይ የሚደረገው የቦይ ክዳን፣ የመንገዱን ጠርዝ የሚይዘው ከርብስቶን ከነኮንክሪት መቀመጫው፣ ለጥቅጠቃ የሚውለው የቦቴ ውሃ፣ የጥቅጠቃ ፍተሻ፣ አዲሱን ቦይ ከነባሩ ጋር ማገናኘት፣ የፈረሰ አጥር መመለስ። ጠርዝ የሌለው ኮብልስቶን ከዳር ጀምሮ ይከፈታል፤ ከርብስቶንን ለመቆጠብ ብሎ መሰረዝ ጠቅላላውን ንጣፍ አሳልፎ እንደመስጠት ነው።

አፈሩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ደግሞ ይህ ሁሉ ቁጥር ግምት ነው። በየ 100 ሜትሩ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ፣ 1 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ ለ500 ሜትር መንገድ ስድስት ጉድጓድ ይበቃል፣ የጥቂት ቀን ሠራተኞች ወጪ ነው። ከስንት ሳንቲም በኋላ አለት እንደሚመጣ፣ የት ላይ ዋልካ አፈር እንዳለ፣ ውሃ የሚወጣበት ካለ ተጽፎ ፎቶ ይነሳ። ዋልካ ባለበት 20 ሳንቲም ሰሌክት አይበቃም፤ ዋልካው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ይነፋል፣ ከላይ ያለውንም ያንቀሳቅሳል። ተጨማሪ ጥልቀት ተቆፍሮ በተሻለ አፈር መተካት አለበት፤ ያም በዝርዝሩ ላይ ራሱን ችሎ የሚቆም መስመር ይሁን።

የውሃውን መንገድ ለማወቅ ደግሞ ከሐምሌና ከነሐሴ የተሻለ መምህር የለም። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ጎርፉ በግድግዳና በአጥር ላይ የተወውን ምልክት በቀለም ማስመር፣ ከላይኛው ሰፈር በየት በኩል እንደሚገባና የት እንደሚተኛ መመዝገብ። የቦዩ ቁልቁለት ቢያንስ በ10 ሜትር 5 ሳንቲም ይሁን፤ ከዚህ ካነሰ ደለል ይተኛበታል። ከሁሉም በላይ ቦዩ የት እንደሚያልቅ ይታወቅ። መውጫው ካልተሠራ ከተማው የሠራው ጎርፉን ከመንገድ ሰብስቦ ወደ አንድ ሰው ግቢ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። መውጫው ከንድፉ ወሰን ውጭ 80 ሜትር ቢርቅ እንኳ የጨረታው አካል ሆኖ ይውጣ።

ሰነዱና የጨረታው ቀን

ማስታወቂያው በአዲስ ዘመን ወይም በክልሉ ጋዜጣ፣ ለምሳሌ በአማራ ክልል በበኩር፣ ይወጣል። የተቋራጭ ደረጃውን ከሥራው ጋር ማመጣጠን ያስፈልጋል። ለትንሽ ቦይ ደረጃ 4 እና ከዚያ በላይ (ቁጥሩ ሲያንስ ደረጃው ከፍ ይላል) ብሎ መጠየቅ ተወዳዳሪ ያሳጣል፣ ከሩቅ የሚመጣውም ዋጋውን ይጨምራል። የሥራ ልምድ ሲጠየቅ «ተመሳሳይ ሥራ» ምን ማለት እንደሆነ በስፋትና በገንዘብ ይገለጽ፤ ካልተገለጸ ገምጋሚው እንደ ልቡ ይተረጉመዋል።

የጨረታ ማስከበሪያው በቁርጥ ገንዘብ ቢገለጽ ይሻላል። በመቶኛ ሲጠየቅ ማስከበሪያውን ያየ ሁሉ የተጫራቹን ዋጋ ያሰላዋል፤ ባንክ ውስጥ ያለ ሰው እንኳ ሊያውቀው ይችላል። ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ወይም በቅድመ ሁኔታ ላይ ያልተመሠረተ የባንክ ዋስትና ተብሎ ይጻፍ፤ ለማን ስም እንደሚሠራ፣ እስከ መቼ እንደሚጸና ቀኑ ይቀመጥ። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ማኅበራት ካደራጃቸው ተቋም የዋስትና ደብዳቤ እንዲያመጡ ይፈቀዳል። ይህ መልካም ነው፤ ደብዳቤው ግን የዋስትናውን መጠንና ተቋሙ የሚገባውን ግዴታ በግልጽ ካልያዘ በችግር ጊዜ ምንም አያስከፍልም።

ዋጋ ከቫት በፊት ነው ወይስ ከቫት ጋር? ይህ አንድ መስመር በየከተማው ስንት ጨረታ አበላሽቷል። ማጠቃለያ ሠንጠረዡ ላይ ሦስት ረድፍ ታትሞ ይቅረብ፦ ድምር፣ 15 በመቶ ቫት፣ ጠቅላላ ድምር። ተጫራቹ እንዲሞላው እንጂ እንዲነድፈው አይተውለት።

የመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ቀላል ነው፣ በጥብቅ ከተያዘ። በሰዓቱ ሳጥኑ ይታሸጋል፤ አምስት ደቂቃ ያረፈደ ሰነድ ሳይከፈት ይመለሳል። ቴክኒካልና ፋይናንሻል በየራሳቸው ኤንቨሎፕ ከሆኑ ፋይናንሻሉ በኮሚቴው አባላት ፊርማ ታሽጎ ይቀመጣል። የተነበበ ዋጋ፣ የማስከበሪያው ዓይነትና መጠን፣ ቅናሽ ካለ ቅናሹ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፣ የተገኙ ተጫራቾችም ይፈርማሉ። በመክፈቻው ዕለት ያልተነበበ የቅናሽ ደብዳቤ በግምገማ ጊዜ ከሰነድ መሐል «ቢገኝ» ተቀባይነት የለውም። እያንዳንዱ የዋጋ ገጽ ላይ አባላቱ እዚያው ይፈርሙበት፤ የገጽ መቀየር የሚዘጋው በዚህ ነው።

በግምገማ ጊዜ መጀመሪያ ሒሳቡ ይታረማል። ነጠላ ዋጋ በመጠን ሲባዛ ከተጻፈው ጋር ካልተስማማ ነጠላው ዋጋ ይጸናል፤ በፊደልና በአኃዝ የተጻፈው ከተለያየ በፊደል የተጻፈው። ከዚያ ብዙ ኮሚቴ የሚዘለው ሥራ አለ፤ ነጠላ ዋጋዎቹን ከግምቱ ጋር በየመስመሩ ማነጻጸር። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። በሥራ ዝርዝሩ ላይ ተራ ቁፋሮ 1,150 ሜትር ኪዩብ፣ የአለት ቁፋሮ 40 ሜትር ኪዩብ ተብሏል እንበል። አንደኛው ተጫራች ለተራው 120 ብር፣ ለአለቱ 3,000 ብር ሰጠ፤ ድምሩ 258,000 ነው። ሁለተኛው ለተራው 200፣ ለአለቱ 900 ሰጠ፤ ድምሩ 266,000። አንደኛው በ8,000 ብር አነሰና አሸነፈ። ሲቆፈር ግን አለቱ 400፣ ተራው 790 ሆኖ ተገኘ። አሁን የአንደኛው ሒሳብ 1,294,800 ብር ነው፤ የሁለተኛው 518,000 ይሆን ነበር። ልዩነቱ 776,800 ብር። አንደኛው ተጫራች ሕግ አልጣሰም፤ ቦታውን ሄዶ አይቷል፣ ከተማው ግን ጉድጓድ አላስቆፈረም።

ስለዚህ ከግምቱ በጣም የራቁ ነጠላ ዋጋዎችን ምልክት ማድረግ፣ ተጫራቹን የዋጋ ትንተና በጽሑፍ መጠየቅ፣ በነዚያ መስመሮች ላይ መጠኑ ቢለዋወጥ የተጫራቾች ደረጃ ይገለበጥ እንደሆነ መሞከር ተገቢ ነው። ማሸነፊያ መስፈርቱን በግምገማ መሐል መቀየር ግን አይቻልም። ሠንጠረዡ ራሱ በጣም የተሳሳተ ሆኖ ከተገኘ አስተካክሎ እንደገና ማውጣት ይሻላል፤ ምክንያቱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

የትንሽ ከተማ ልዩ ችግር አንድ መሐንዲስ ብቻ መኖሩ ነው። ግምቱን የሠራው፣ ጨረታውን የገመገመው፣ ሥራውን የሚቆጣጠረው፣ ክፍያውን የሚያጸድቀው ያው ሰው ይሆናል። ሐቀኛ ቢሆን እንኳ የራሱን ስህተት የሚያይለት ሁለተኛ ዓይን የለም። ለግምገማና ለመጨረሻ ልኬት ከዞኑ መምሪያ ወይም ከጎረቤት ከተማ አንድ መሐንዲስ በደብዳቤ መዋስ ይቻላል፤ የሁለት ቀን አበል ነው ወጪው።

ውጤቱ ለአሸናፊውም ለተሸናፊዎቹም በአንድ ቀን፣ የተሸነፉበት ምክንያት ተጽፎ ይድረሳቸው። የቅሬታ ጊዜው፣ በ649/2001 ሥርዓት 5 የሥራ ቀን ነበር፣ ሳያልፍ ውል አይፈረም። ምክንያቱን በግልጽ የተነገረው ተጫራች አብዛኛውን ጊዜ አይከስም፤ የሚከሰው በሹክሹክታ የሰማው ነው።

ውሉና ሳይቱ

የውል ማስከበሪያው 10 በመቶ ነው። ቅድመ ክፍያ እስከ 30 በመቶ ሊሰጥ ይችላል፣ እኩል መጠን ያለው ዋስትና ሲቀርብ ብቻ። ዋስትናውን ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ ከማጣራት ይልቅ አንድ ሰው ወደ ሰጪው ባንክ ቅርንጫፍ ልኮ ማረጋገጥ ግዴታ ይሁን። ከቫት በፊት 6,000,000 ብር የሆነ ውል 1,800,000 ቅድመ ክፍያ አለው። ሥራው 80 በመቶ ሲደርስ ቅድመ ክፍያው ተመላሽ ሆኖ እንዲያልቅ ከእያንዳንዱ ክፍያ 37.5 በመቶ ይቆረጣል። የመጀመሪያው የክፍያ ሰርተፍኬት 1,200,000 ቢሆን 450,000 ለቅድመ ክፍያ፣ 5 በመቶ መያዣ (ለጉድለት ማረሚያ ከክፍያ ላይ የሚቆይ) 60,000 ተቀንሶ 690,000 ይቀራል፤ ቫት ለብቻው ይሰላል። ይህ ስሌት ከውሉ ጋር ተያይዞ ቢፈረም በኋላ አይጨቃጨቁም። የመዘግየት ቅጣቱ በቀን ከሺህ አንድ ከሆነ በዚህ ውል 6,000 ብር ነው፤ ጣሪያው 10 በመቶ ስለሚሆን በ100 ቀን ይሞላል። ጣሪያው ሲሞላ ከተማው መወሰን አለበት፤ ውል ማቋረጥ ወይም በጽሑፍ አዲስ መርሐ ግብር መቀበል። ዝም ብሎ ማለፍ መብትን ያስጥላል።

በሳይት ላይ ዋናው ደንብ አንድ ነው፦ የሚሸፈን ሥራ ሳይለካ አይሸፈን። የቦዩ ቁፋሮ ግንብ ከመጀመሩ በፊት፣ አለቱ ከመነሳቱ በፊት፣ ሰሌክቱ አሸዋ ከመልበሱ በፊት በጋራ ይለካል፤ በቴክኦፍ ሺቱ (የልኬት መመዝገቢያ ወረቀት) ላይ የተቋራጩና የተቆጣጣሪው ፊርማ፣ ቀኑና ከየት እስከ የት እንደሆነ ይሰፍራል። ሰሌክቱ በአንድ ጊዜ 20 ሳንቲም ተደፍቶ በትንሽ ማሽን ቢጠቀጠቅ ከላይ ብቻ ይጠነክራል። በሁለት ንብርብር፣ ውሃ እየጠጣ በሮለር ይጠቅጠቅ። የተነጠፈው ድንጋይ በክር ቀጥ ብሎ፣ ከመሐል ወደ ዳር 2 ከመቶ ያህል ተዳፍቶ መሆኑ በ3 ሜትር ቀጥ ያለ እንጨትና በውሃ ልክ ይታያል። ተጨማሪ ሥራ ቢያስፈልግ ከመሠራቱ በፊት የጽሑፍ ትዕዛዝ ይውጣ። ከንቲባው ሳይት ላይ ቆመው «እስከዚያ ድረስ ቀጥሉበት» ቢሉ፣ አክብሮቱ እንዳለ ሆኖ፣ ያ የክፍያ ሰነድ አይሆንም፤ መሐንዲሱ የዚያኑ ዕለት በሳይት መዝገብ ጽፎ ለአጽዳቂው ማቅረብ አለበት።

የሰፈር ኮሚቴ ስሌቱን ባያውቅም ሦስት ነገር መቁጠር ይችላል፦ የሰሌክት መኪና፣ የሲሚንቶ ኩንታልና ውሃ የጠጣ ግንብ። ግንብ ቢያንስ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ካልጠጣ ሞርታሩ በጣት ይፈረፈራል። የተቆጠረው በደብተር ተይዞ ለተቆጣጣሪው በየሳምንቱ ቢሰጥ ከማንኛውም አቤቱታ በላይ ይሠራል።

ጊዜያዊ ርክክብ ሲደረግ ጉድለቶቹ በዝርዝር ተጽፈው ከየት እስከ የት እንደሆነ ይገለጽ፤ «ጥቃቅን ጉድለቶች» የሚል ቃል አያስጠግንም። ከመያዣው ግማሹ በዚህ ጊዜ ይለቀቃል፣ ግማሹ እስከ መጨረሻው ርክክብ ይቆያል፤ የጉድለት ኃላፊነት ጊዜው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ርክክቡ ሰኔ ላይ ከሆነ የመጀመሪያውን ክረምት አይቶ መስከረም ላይ ሁለተኛ ፍተሻ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የሰመጠ ንጣፍ፣ የተሰነጠቀ ግንብና ደለል የያዘ ቦይ የሚታዩት ያኔ ነው። የጥገና ጥያቄው ለተቋራጩ በጥቅምት በደብዳቤ ይድረሰው፣ ደረቁ ወቅት ሙሉ ይሥራበት። የውል ማስከበሪያው የባንክ ዋስትና የሚያበቃበት ቀን ከጥገናው በፊት የሚደርስ ከሆነ ከማብቂያው ቢያንስ 15 ቀን ቀድሞ «ይታደስ፣ ካልታደሰ ይከፈለን» የሚል ደብዳቤ ለባንኩ መግባት አለበት፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የገባ ደብዳቤ አያስከፍልም። ይህን ቀን ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱም መሐንዲሱም በየራሳቸው መዝገብ ይያዙት፤ አንዱ ቢዛወር ሌላው ይኖራል።